ታክሲ ሰልፍ ላይ ፎቶ ስታነሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ የቆመ ሰው የአዲስ አበባን ፊት ያያል። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ አስፋልቱ ጠርዝ ይደርሳል፤ ተራ አስከባሪው ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ በሩን ይከፍታል። ነጠላ ተከናንባ ከኪዳን የምትመለስ እናት፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ የደንብ ልብሱን በፌስታል ያንጠለጠለ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። የተሳፋሪን ኑሮ በፎቶ መሰነድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እኔ ይህን ሰልፍ ማንሳት ስጀምር የሠራኋቸውን ስህተቶች ዛሬ በብዙ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥራ ላይ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

ከመንገድ ማዶ ሆኖ በረጅም ሌንስ ማንሳት

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይህ ነው። 200 ሚሊሜትር ሌንስ ይዞ ከማዶ የቆመ ሰው ፊት ያገኛል፤ ሰልፉን ግን ያጣል። ሌንሱ ሰውየውን ከፊቱና ከኋላው ከቆሙት ይነጥለዋል፣ የመንገዱን ጥልቀት ያጠፋዋል። የሚወጣው ምስል የሚከታተሉትን ሰው ምስል ይመስላል። ተመልካቹም ይህን ያውቀዋል፤ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ፎቶው በስርቆት እንደተነሳ ይሰማዋል።

አሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ ከ1938 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችን ሲያነሳ ካሜራውን ኮቱ ሥር ደብቆ ነበር። ነገር ግን ከሰዎቹ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያነሳቸው፤ ፎቶዎቹንም በመጽሐፍ ያወጣቸው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩስ ዴቪድሰን ደግሞ በዚያው ባቡር ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. በቀለም ማንሳት ሲጀምር ካሜራውን በግልጽ ይዞ፣ የቀድሞ ሥራዎቹን የያዘ ትንሽ አልበም ለተሳፋሪዎች ያሳይ ነበር። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው። ለእኛ ከተማ ግን የሚስማማው የሁለተኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ሰው ካሜራውን የሚጠላው ሲደበቁበት ነው።

«ሳይዘጋጅ የተነሳ» እና «ሳያውቅ የተሰረቀ» አንድ አይደሉም። አንድ ሰው እንዳላችሁ አውቆ፣ ከዚያ ረስቷችሁ ወደ ራሱ ሐሳብ ሲመለስ የሚታየው ፊት ከሁሉም ይበልጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው ሰልፉ ውስጥ መግባት ነው። ሰፊ እይታ ያለው 28 ወይም 35 ሚሊሜትር ሌንስ ያዙ፤ ተሰለፉ፤ ሂሳብ ክፈሉ፤ ከአያት እስከ ሜክሲኮ እንደማንኛውም ሰው ተጓዙ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ካሜራውን አንገታችሁ ላይ ተዉት። ሰው ቀና ብሎ ካያችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጉና «እንደምን አደሩ» በሉ። በማግስቱም እዚያው ሰልፍ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ተገኙ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተራ አስከባሪው ራሱ «ዛሬ ዘገየህ» ይላችኋል። የእኔ እውነተኛ ሥራ የጀመረው ከዚያ ቃል በኋላ ነው።

«መንገድ ላይ ስለተነሳ የማንም ነው» ብሎ ማሰብ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ውስጥ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለማስተማሪያ ዓላማ የሚደረገው፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘው ይገኙበታል። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ብቻ እናስታውሳለን።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሰልፉ በሙሉ ሲታይ፣ ማንም ተነጥሎ ካልወጣ፣ አነሳለሁ፣ አሳያለሁ። የአንድ ሰው ፊት ፎቶውን ከሞላው ግን ካነሳሁ በኋላ ጠጋ ብዬ ፎቶውን አሳያለሁ፣ የት እንደሚወጣ እናገራለሁ፣ ፈቃዱን ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ስድስት ኪሎ አንዲት እናት ፎቷቸውን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ። «ለኤግዚቢሽን ነው እማማ» ስላቸው፣ ዝም ብለው ቆዩና «የሐዘን ልብስ ለብሼ አይሆንም» አሉ። ጥቁር መልበሳቸውን አይቼ ነበር፤ ትርጉሙን ግን እያነሳሁ ሳለ አላሰብኩትም። ፎቶው ጥሩ ነበር። እፊታቸው አጠፋሁት።

የተኛ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው፣ ወላጅ አብሮት የሌለ ሕፃን አላወጣም። ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ ከሆነ ደግሞ የቃል ስምምነት አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሁን። የከተማ ቀላል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ የምትሠሩ ከሆነም አስቀድማችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ጥበቃ ሲጠይቃችሁ መከራከር ቀኑን ያበላሻል፤ ደብዳቤው ግን ሻይ እስከመጋበዝ ያደርሳል።

ካሜራው የወሰነውን ብርሃን ማመን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣና ፈጥና ወደ ላይ ትወጣለች። ያ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይጠፋል። ያን ጊዜ በግድ ሜዳ ላይ አታንሱ፤ የባቡሩ ድልድይ ሥር ግቡ። ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ድልድዩ የሚጥለው ጥላ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ስለሚሞላ ለፊት እጅግ ይመቻል።

ነጭ ነጠላ ካሜራን ያታልላል። ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእናቲቱ ፊትም ይጠፋል። ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ጨምሩ። ሚኒባስ ውስጥ ከተሳፋሪው ኋላ ብሩህ መስኮት ሲኖርም ያው ነው፤ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ፣ መስኮቱ ይንጣ። የጠቆረ ፊት ብቻውን ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው ያለቅጥ ያነጣዋል፣ ቆዳው ውበቱን ያጣል፤ እዚህ ጋ ቀንሱ። የሰውን ቆዳ ሳያነጡም ሳያጨልሙም እንዳለ ማሳየት የክብር ጉዳይ ነው።

ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር፣ ማለትም ካሜራው ያለ ሜካኒካል መዝጊያ የሚያነሳበት መንገድ፣ ለተሳፋሪ ፎቶ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ያሰፍራል። ማታ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ፤ ቀን ሚኒባሱ ሲንቀጠቀጥ ከ1/250 አትውረዱ። በመስታወት የምታነሱ ከሆነ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጉ፣ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ሸፍኑ።

ድካምን ብቻ መፈለግ

የማታ ሰልፍ ያደክማል፤ እውነት ነው። ግን አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሃያ የተጨማደደ ግንባር ካለ ፎቶ አንሺው አስቀድሞ የወሰነውን ነው ያነሳው። ያንን ሰልፍ በደንብ የሚያውቅ ሰው ሌላም ያያል፤ የማያውቀውን ሰው ሂሳብ የሚከፍል፣ «ወራጅ አለ!» ለማለት አፍራ አንድ ፌርማታ የምታልፍ ልጅ፣ ረዳቱ ላይ የምትስቅ ነርስ፣ ጥግ ይዞ ቅዳሴ በጆሮው የሚሰማ ሽማግሌ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሥራችሁን ዘርግታችሁ ቁጠሩ። አንድ ዓይነት ስሜት ከግማሽ በላይ ከያዘ ተመለሱና ቀሪውን ፈልጉ።

ማስታወሻ አለመያዝ፣ ቀኑንም ማምታታት

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ ነው። ካሜራው 06:30 ሲል እኛ 12 ሰዓት ተኩል እንላለን፤ ካሜራው በፈረንጅ ወር ይመዘግባል፣ ማስታወሻችን «ጥቅምት 8» ይላል። ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው ማስታወሻ ለየትኛው ፎቶ እንደሆነ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ስትጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የጉዞ መስመሩን በእጅ ጽፋችሁ ያንን ገጽ በካሜራው አንሱት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፎቶዎች የዚያ ገጽ ልጆች ናቸው። ዋጋውንም ጻፉ። ከመገናኛ ፒያሳ በዚያ ቀን ስንት እንደነበር የሚነግረን ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ጀርባው «አይረባም» ብሎ መሰረዝ

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሃርድ ዲስክ ሲሞላብኝ ፊት ያልጠራባቸውን ፎቶዎች አጠፋ ነበር። ብዙዎቹ ፒያሳ የተነሱ ነበሩ፤ ከሰልፉ ኋላ የወርቅ ቤት ምልክቶች፣ የድሮ ሰገነቶች፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለ ልብስ ይታይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሠፈሩ ትልቅ ክፍል ፈረሰ። ሰልፉ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሰዎቹም ሌላ ሠፈር ገቡ። ዛሬ ያንን ቦታ ለልጆቼ ማሳየት ስፈልግ ጥርት ያሉ ፊቶች አሉኝ፤ እነዚያ ፊቶች የቆሙበት ጎዳና ግን የለኝም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም የከተማ ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የነበረውን የመጀመሪያ ሳምንት ግርግር የሚያሳይ ፎቶም፣ ያነሳው ሰው ካላጠፋው፣ ዛሬ ሀብት ነው። ዋናውን የሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያርም የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፋይል) በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን። ፎቶው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የቆሻሻ ገንዳ ካለም አትደልዙት። ከተማው እንደዚያ ነበር።

«እልክልሃለሁ» ብሎ መቅረት

ሰው ፎቶውን ካየ በኋላ «ላክልኝ» ይላል፤ እኛም «እሺ» እንላለን። አንልክም። በሚቀጥለው ፎቶ አንሺ ላይ ያ ሰው ፊቱን የሚያዞረው በዚህ ነው። ማታ ቤት ስትገቡ፣ አርትዖት ከመጀመራችሁ በፊት፣ የዚያን ቀን ቃል የገባችሁላቸውን በቴሌግራም ላኩ። ስልክ ለሌለው 10 በ15 አሳትሙና ወደ ሰልፉ ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ።

መገናኛ ያለው ተራ አስከባሪ የሰጠሁትን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። ሰልፉ ውስጥ አዲስ ሰው ካሜራዬን አይቶ ሲጠራጠር እኔ ምንም ሳልል እሱ ፎቶውን አውጥቶ ያሳየዋል።