ቼዝን በጥቁር ጠጠር ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነጭ አንድ እርምጃ ስለሚቀድም የጥቁር ስህተት ቶሎ ይቀጣል። አብዛኛው ሽንፈት የሚጀምረው ትክክለኛውን እርምጃ ያለ ቅደም ተከተሉ ከመጫወት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ነጭን እየተከተሉ መኮረጅ ነው። ወታደሮቹ ኢ4 እና ኢ5፣ ፈረሶቹ ኤፍ3 እና ኤፍ6 ላይ ናቸው እንበል (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል፤ ጠጠር ሳይጠቀስ «በዲ6» ከተባለ ወታደር ወደዚያ ይገፋል ማለት ነው)። ነጭ በፈረሱ ኢ5ን ሲበላ ጥቁርም ወዲያው ኢ4ን መብላት ያምረዋል። ነጭ ንግሥቱን ኢ2 ላይ ያቆማል። ጥቁሩ ፈረስ ወደ ኤፍ6 ከሸሸ የነጩ ፈረስ ሲ6 ላይ ያርፋል፤ መስመሩ ስለተከፈተ ንግሥቲቱ ቼክ ትላለች (ንጉሡን ታጠቃለች)፣ ፈረሱም ዲ8 ላይ ያለችውን የጥቁር ንግሥት ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በዲ6 ፈረሱን ያባርሩ፣ ወደ ኤፍ3 ሲመለስ ኢ4ን ይብሉ።

ኢ5ን በኤፍ6 ወታደር መደገፍ ደግሞ የባሰ ነው። ነጭ ፈረሱን ሠውቶ ኢ5ን ይበላል፤ ወታደርዎ ፈረሱን ከበላ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ቼክ ትላለች። በጂ6 ቢከልሉ ኢ5ን በቼክ በልታ የኤች8ን ግንብ ትወስዳለች። ኢ5ን በሲ6 ፈረስ ይጠብቁ።

የነጭ ጳጳስ ሲ4፣ ፈረሱም ጂ5 ሲደርስ በዲ5 መመለስ ትክክል ነው። ነጭ ዲ5ን ከበላ በኋላ ግን በፈረስ መልሰው አይብሉ። ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል፣ ንጉሥዎ ሲበላው ንግሥቱን ኤፍ3 አውጥቶ ቼክ ይላል፤ የዲ5ን ፈረስ ለማዳን ንጉሥዎ ኢ6 ድረስ ይወጣል። በውድድር ሰዓት ያን መከላከል ከባድ ነው። ፈረስዎን ኤ5 አድርገው ጳጳሱን ያጥቁ።

ካስሊንግ (ንጉሡና ግንቡ በአንድ እርምጃ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) ሲያደርጉ ንጉሡን ቀድመው ይንኩ። ግንቡን ከቀደሙ ዳኛው በዚያ እርምጃ በዚያ በኩል ካስሊንግ አይፈቅድልዎትም።

እኩል በሆነ ቦታ ላይ መስገብገብ ታላላቆችንም ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይኪያቪክ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ጥቁር የነበረው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ29ኛው እርምጃ ኤች2 ላይ ያለውን ወታደር በጳጳሱ በላ፤ ተጋጣሚው የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ በጂ3 መውጫውን ዘጋበት፣ ጨዋታውንም አሸነፈ። ከመብላትዎ በፊት ጠጠሩ በየት እንደሚመለስ ይቁጠሩ።

ፍርሃትም ያንኑ ያህል ይጎዳል። ፊሸር በሦስተኛው ጨዋታ፣ አሁንም በጥቁር፣ በ11ኛው እርምጃ ፈረሱን ኤች5 ላይ አስቀመጠ፤ ነጭ በጳጳስ ቢበላው ንጉሡ ፊት ያሉት ወታደሮች እንደሚበላሹ እያወቀ ነው። በምትኩ ክፍት መስመርና የማጥቂያ ዕድል አገኘ፣ ስፓስኪንም ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈው። ስለዚህ ተጋጣሚዎ በአቻ ውጤት እንለያይ ሲልዎ ከመቀበልዎ በፊት ንጉሥዎ መጠለሉን፣ መሃሉን በሲ5 ወይም በዲ5 መክፈት መቻልዎንና የቀረዎትን ሰዓት ይመልከቱ። ሦስቱም ከተሟሉ ይጫወቱ።