ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሲመገብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ35 ሳምንት አካባቢ የተወለደ ሕፃን አእምሮ ጊዜው ደርሶ ከተወለደው ሕፃን አእምሮ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። የቀረው የሚያድገው ውጭ፣ በሚያገኘው ምግብ ነው።

"ይቺ ጠብታ ምን ትፈይዳለች?" ብሎ እንገርን መናቅ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። እንገር ወፍራም ነው፣ ቢጫ ነው፣ ጥቂት ነው። እናት ጡቷን ደጋግማ አልባ የሲሪንጅ ጫፍ እንኳ ሳይሞላ ስታየው ልቧ ይሰበራል። ግን ሕፃኑም በመጀመሪያው ቀን የሚችለው ያንኑ ያህል ነው። እንገር በሽታ በሚከላከሉ ነገሮች የተሞላ ነው። የእናት ወተት፣ ያልጠነከረ አንጀትን አቁስሎ ሊገድል የሚችለውን ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይተስ የተባለ ሕመም ስጋትም ይቀንሳል። አንዲት ጠብታ አትደፋ።

"ሲጠባ ወተቱ ይመጣል" ብሎ መጠበቅ። ሕፃኑ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት የሚጀምረው ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር 34 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ በቱቦ ይመገባል። ጡት ደግሞ ካልታለበ ይደርቃል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ማለብ ይጀመር፤ ከዚያም በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ። ሌሊትም ጭምር፣ አዎ። ዕቃውን ማጠብ ግን አባትም ይችላል።

ሐኪም ወተቱ ላይ ማበልጸጊያ (ተጨማሪ ንጥረ ነገር) ሲጨምር መከፋት። "ወተትሽ መጥፎ ነው" ማለቱ አይደለም። ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ብረት በብዛት ወደ ፅንሱ የሚገቡት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ያ አምልጦታል።

እንዲበረክት ብሎ የዱቄት ወተት ማቅጠን። ውሃ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ሕፃኑን እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ልክ ልክ ነው።

ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የስድስት ወር ሕፃን እድገቱ የሚለካው እንደ አራት ወር ሕፃን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስም ያለ ነገር ነው፤ ሐኪም ይከታተለው እንጂ አይደንግጡ።

ሰገራው ጠቆረ ብሎ የታዘዘውን የብረት ጠብታ ማቆም። መጥቆሩ ከራሱ ከብረቱ ነው። ብረት ደግሞ ለደም ብቻ ሳይሆን ለአእምሮም ያስፈልጋል። ካሳሰበዎ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ጠብታውን ግን በራስዎ አያቋርጡ።