ኦቲዝም እንዳለባችሁ ለሰው ከመናገራችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዞራል። ጠዋት ፒያሳ ለአንድ ሰው የነገራችሁት ማታ አዘዞ ይደርሳል። ስለዚህ ኦቲዝም እንዳለባችሁ ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሰው ቢያውቅ ምን ይቀልልኛል? መልስ ካጣችሁ ቆዩ። አንዴ ከተናገሩት የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

እኔን የጠቀመኝ ኦቲዝም የሚለውን ስም ከመጥራቴ በፊት የሚያስፈልገኝን መናገር ነው። አክስቴ ቤት ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ ብድግ እል ነበር። ንቀት መሰላት፤ አዘነችብኝ። አንድ ቀን «እቴቴ፣ ድምፅና ሽታ ሲደራረብብኝ ጭንቅላቴ ይሞላል፤ በረንዳው ላይ ልጠጣ» አልኳት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ስኒዬን ራሷ በረንዳው ድረስ ታመጣልኛለች።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል የነገርኳት ከወራት በኋላ ነው። «ጠበል ልውሰድህ እንዴ የኔ ልጅ?» አለችኝ። ከፍቅር ነው። በሽታ እንዳልሆነ፣ አእምሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ እንደሆነ አስረዳኋት። እናንተም ለዚህ ጥያቄ መልሳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ለአለቃ ስትናገሩ ግን አትቸኩሉ። «ሥራውን በጽሑፍ ይስጡኝ፣ እንዳልረሳው» ለማለት የምርመራ ወረቀት አያስፈልግም።

ጥር 11 ለጥምቀት አብሯችሁ ፋሲል መዋኛ ለሚወርደው ጓደኛ ግን ንገሩት። ሕዝቡ ሲጋፋ ድንገት አፋችሁ ቢያያዝ፣ ሳይጠይቅ ከግርግሩ የሚያወጣችሁ እሱ ነው። መውጫውንም ቀድማችሁ አብራችሁ ምረጡ።