ዘፈኑ ሲያልቅ ሲፒዩ የሚጨናነቀው ለምንድን ነው?

ምልክቱ፦ በሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር ላይ ሙዚቃው ሲጫወት ኮምፒውተሩ ሰላም ነው። ዝም ሲል ግን የሲፒዩ ቆጣሪው ሽቅብ ይወጣና ድምፁ ይቆራረጣል።

በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ቦታ) ማሳደጉንና ድራይቨር ማደሱን እንደሞከራችሁ ልቁጠር። የቆጣሪው ቁጥር ከፍ ብሎ ድምፁ ካልተቆራረጠ ኃይል ቆጣቢው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ተዉት።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ምክንያት ዲኖርማል ነው፤ ለዜሮ እጅግ የቀረበ፣ ከመደበኛው ወሰን በታች የወረደ ቁጥር ማለት ነው። ሪቨርብ (ማስተጋቢያ)፣ ዲሌይ (ድምፅ ደጋሚ)ና ፊልተር የሚባሉት ፕለጊኖች (ሶፍትዌሩ ላይ የሚሰኩ የድምፅ ማቀነባበሪያዎች) ከውጤታቸው ቀንሰው መልሰው ለራሳቸው ያስገባሉ። የሚገባው ድምፅ ድፍን ዜሮ ሲሆን ውስጥ የሚዞረው ጭራ እያነሰ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። በ32 ቢት ፍሎት (ድምፁ በሚሰላበት የቁጥር ዓይነት) ከ1.18 × 10⁻³⁸ (ከ-758 ዲሲቤል ግድም) በታች ሲወርድ ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በዝግታ ያሰሉታል፤ አንድ ማባዛት ከመቶ በላይ ዑደት ሊበላ ይችላል። ይባስ ብሎ የመጨረሻዋ ትንሽ ቁጥር በ0.9 ስትባዛ ተጠጋግታ ያው ራሷ ትሆናለች፤ ስለዚህ ቢጠብቁትም አይለቅም።

ዲኖርማል መሆኑን የሚያጋልጠው ሰዓቱ ነው። በ2 ሴኮንድ 60 ዲሲቤል የሚወርድ ሪቨርብ እዚያ ወሰን ላይ የሚደርሰው ድምፁ ከቆመ ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው።

አንድ የመዝሙር ስቱዲዮ በዚሁ ጣጣ ራም ገዝቶ፣ ዊንዶውስ እንደገና አስጭኖ ነበር። ዘማሪዋ ስትቀረጽ ደህና፤ ኤዲት ሲያልቅ መሣሪያው ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ ድምፁ ይቆራረጣል። ለካ ባለሙያው በየስንኙ መሃል ያለውን የማይክ ኖይዝ ሙልጭ አድርጎ ቆርጦታል። ሪቨርቡን ከዲኖርማል ጠብቆ ያቆየው ያ ኖይዝ ነበር! ሪቨርቡም ከቴሌግራም የወረደ፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ) ነው። እባካችሁ፣ ነፃና ንጹሕ ፕለጊን ሞልቷል።

መፍትሄ፦ ዝምታው ላይ እያላችሁ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ አጥፉ፤ ሪፐር የሚባለው መቅረጫ ሶፍትዌር የየትራኩን ሲፒዩ ለይቶ ያሳያል። ጥፋተኛውን ካገኛችሁ ቀይሩት። መቀየር ካልተቻለ ከፊቱ በ-120 ዲሲቤል የኖይዝ ጀነሬተር አስገቡ። ከፊቱ ነው፣ ከኋላው አይደለም! በመካከላቸው ጌት (ደካማ ድምፅ የሚዘጋ ፕለጊን) እንዳታስገቡ፤ ጌት ዜሮ ነው የሚያቀብለው። ሌላው መቅረጫ ሶፍትዌር ኩቤዝ ድምፅ ሲጠፋ ፕለጊን የሚያሳርፍ ምርጫ አለው፤ የሚሠራው ቪኤስቲ3 ለሚባለው የፕለጊን ዓይነት ብቻ ነው።

ፕለጊን ለምትጽፉ፦ ዲኖርማል ዜሮ እንዲሆን በኢንቴልና በኤኤምዲ የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ሬጂስተር ኤምኤክስሲኤስአር ላይ ቢት 15ን እና ቢት 6ን አብሩ፤ በአርም ፕሮሰሰር ኤፍፒሲአር በሚባለው ሬጂስተር ላይ ቢት 24 ነው። በጁስ (የፕለጊን መጻፊያ ላይብረሪ) ስኮፕድ ኖ ዲኖርማልስ የምትባል አንድ መስመር ትበቃለች። ፕለጊኑ ሲከፈት አንዴ አብርቶ መተው አይሠራም፤ ቅንብሩ የየትሬዱ (የየሥራ ክሩ) ስለሆነ በእያንዳንዱ ብሎክ (የድምፅ ቁራጭ) መጀመሪያ ላይ ይሁን። የድሮው የኢንቴል ማስሊያ ክፍል ኤክስ87 ይህ ማብሪያ የለውም፤ እዚያ 10⁻²⁰ ደምራችሁ ቀንሱ፣ ፋስት ማዝ የሚባለው የኮምፓይለር ምርጫ ከበራ ግን ኮምፓይለሩ ድምሩንም ቅነሳውንም ሊሰርዘው ይችላል። ብሎኩ ሲያልቅ የነበረውን ቅንብር መልሱ፤ ትሬዱ የእናንተ ብቻ አይደለም።