አሮጌ የመርከብ መድፍ እጃችሁ ከገባ ማን እንደሰራውና ስንት እንደሚያወጣ እንዲህ እወቁ

ከቸርችል ጎዳና የአንቲክ ሱቅም ይሁን ከአያት ግቢ፣ አሮጌ መድፍ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምለምናችሁ ነገር እንዳታፀዱት ነው። ግራይንደር፣ የብረት ብሩሽ፣ አሲድ፣ ቀለም የሚባል ነገር እንዳይነካው። የመድፍ ዋጋ ያለው ላዩ ላይ የተፃፈው ላይ ነው፣ እሱ ከተፋቀ ማን እንደሰራው ማወቂያ የለም፣ ያኔ ምናለሽ ተራ በኪሎ የሚመዘን ብረት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ በጣም ያሳዝናል።

ሌላው ደህንነት ነው። ጎርሶ ሳይተኮስ የቀረ መድፍ አለ፣ ባሩድ ደግሞ መቶ ዓመት አልፎትም ሊነድ ይችላል። ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ አስገቡና እስኪቆም ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፣ አፉ ጋ ምልክት አድርጉበት፣ ከዛ አውጥታችሁ በውጪ በኩል አስጠግታችሁ ለኩት። ጫፉ ከኋላ ያለችውን የእሳት ማቀጣጠያ ቀዳዳ አካባቢ መድረስ አለበት። ብዙ ሳይደርስ ከቀረ ውስጡ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ አትቆፍሩት፣ እሳት አታስጠጉት፣ ለፖሊስ ደውሉ።

የመርከብ መሆኑን ለማወቅ ጋሪው ይረዳል፣ የመርከብ መድፍ አራት ትንንሽ ጎማ ባለው ዝቅ ያለ የእንጨት ጋሪ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የየብሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ጎማ አለው። ግን ጋሪ በኋላ ሊሰራለት ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኑ፣ እንጨቱ ብዙ ጊዜ አዲስ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን የሴባስቶፖል አምሳያ ሄዳችሁ እዩት፣ አጭር፣ አፈ ሰፊ፣ ወደ ላይ የሚተኩስ ነው፣ የመርከብ መድፍ እንደሱ ሳይሆን ረዘም ያለ፣ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ፣ የኋላ ጫፉ ላይ እንቡጥ የመሰለ ነገር ያለው ነው። አጭርና ቀለል ያለ ሆኖ ከስር ማሰሪያ ቀለበት ካለው ግን ካሮኔድ የሚባለው አጭር የመርከብ መድፍ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ያገኘው ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1759 ከተቋቋመው የካሮን ፋብሪካ ነው።

ዋናው ስራ ግራና ቀኝ የወጡት ሁለቱ ክብ ጆሮዎች ላይ ነው፣ ትራኒየን ይባላሉ፣ መድፉ ጋሪው ላይ የሚያርፈው በነሱ ነው። ሰሪዎች ምልክታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት የጆሮዎቹ ፊት ላይ ነው። ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ፍላሽ ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፣ ቀን የማይታይ ፊደል ጥላ እየሰራ ይወጣል። ካልሆነ ስስ ወረቀት ለጥፉበትና እርሳስ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ፈትጉት።

አሁን የሚወጣውን አንብቡ። የላቲን ኤፍ ብቻዋን ከሆነች የስዊድኑ ፊንስፖንግ፣ ካሮን የሚል ስም ከቁጥርና ከዓመት ጋር ከሆነ የስኮትላንዱ፣ ቢ ፒ ኤንድ ኮ ከሆነ ቤይሊ ፔግ የሚባሉት እንግሊዞች ናቸው። በርሜሉ ላይ ደግሞ ዘውድ ያለበት ጂ አር የእንግሊዝ ንጉስ ጆርጅ ምልክት ነው፣ የቀስት ጫፍ የመሰለችው የእንግሊዝ መንግስት ንብረት መሆኑን ታሳያለች፣ ቪ ኦ ሲ ተጠላልፎ ከተፃፈ የሆላንዱ የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ነው። የነሐስ ከሆነ የሰሪው ስም ከኋላ ባለው ቀለበት ዙሪያ በላቲን ሊዞር ይችላል፣ ፌሲት የሚለው ቃል ካለ አጠገቡ ያለው ስም የሰሪው ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት የእንግሊዝ ክብደት አፃፃፍ ነው። 6-1-10 የሚል ቢታያችሁ ቀን እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያው በ112 ፓውንድ ይባዛል፣ መሀሉ በ28፣ የመጨረሻው ራሱ ፓውንድ ነው፦ 672 ሲደመር 28 ሲደመር 10፣ 710 ፓውንድ፣ ወደ 322 ኪሎ። እንግዲህ ይሄ የተፃፈበትን መድፍ ሁለት ሰው አንስቶ ከወሰደው የውሸት ነው።

ስለ ውሸት ካነሳን፣ እነዚህ የክብደት ቁጥሮች በመሮ ተመትተው የተቀረፁ ስለሆኑ ጠርዛቸው ስል ነው። ቅጂ መድፍ ግን ከነቁጥሩ ሻጋታ ውስጥ ስለሚፈስ ቁጥሩ የተድቦለቦለና ጥልቀት የሌለው ይሆናል፣ በጣታችሁ ስትዳስሱት ይታወቃችኋል። አፈሙዙን በደንብ እዩ፣ ቀጭን የቧንቧ ክብ ከታየ ውስጡ ቧንቧ ገብቶበታል። የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ሳይደርስ ከቆመ ደግሞ ለጌጥ የተሰራ ሊሆን ይችላል። ነሐስ ነው ካሏችሁ ማግኔት አስጠጉ፣ ከያዘ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው።

ዋጋ ላይ፣ የሰሪ ስም፣ ዓመትና የንጉስ ወይ የኩባንያ አርማ ያለው ነሐስ ከሁሉም በላይ ነው፣ አስር ሺዎች ዶላር የሚወጣበት አለ። ብረት ከሱ በጣም ያንሳል። ከባህር የወጣ ብረት ከሆነ ደግሞ ጨው ውስጡ ስላለ ሲደርቅ እየተቀረፈ ይፈርሳል፣ ማከሙ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ዋጋው ይወርዳል። ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይ የድሮ ፎቶ ካለ ግን በጣም ከፍ ያደርገዋል፣ የአያታችሁን ወረቀቶች አትጣሉ። ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠራውን ተዉት፣ እንደ ቦንሃምስ ያሉ ጨረታ ቤቶች በትክክል የሸጡበትን ኦንላይን ማየት ይቻላል፣ ተመሳሳይ ሰሪ፣ ተመሳሳይ መጠን ፈልጉ። ደላላ ቶሎ ቶሎ ካላችሁ አትሽጡ።

ደግሞ እኛ አገር ያለ መድፍ የቱርክ፣ በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ የተማረከ ወይ የጣልያን ሊሆን ይችላል። የአረብኛ ፊደል ወይ የሱልጣን ፊርማ ካያችሁበት ስለ ገንዘብ ከማሰባችሁ በፊት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ጋ ያለው የቅርስ ባለስልጣን ሂዱና አስመዝግቡት። ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው፣ ስለዚህ ውጪ ልላክልህ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ስትሄዱ የሁለቱን ጆሮዎች፣ የኋላውን ቀለበት፣ የአፈሙዙንና የሙሉውን ፎቶ፣ እንዲሁም ርዝመቱንና የአፉን ስፋት በሴንቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ።