አንድ ዓይኑን የሚጠቅስ መኪና፦ ብቅ የሚል የፊት መብራት ችግርና መፍትሄ

ሲበራ ከኮፈኑ ብቅ የሚል፣ ሲጠፋ ተመልሶ የሚተኛ መብራት ያለው መኪና ጎጃም ውስጥ ብዙ የለም። ያለው ግን ዞሮ ዞሮ ደብረ ማርቆስ እኔ ጋራዥ ይመጣል። አብዛኞቹ በፈረንጆቹ ከ1989 እስከ 1994 የተሠሩ ማዝዳ 323ኤፍ ናቸው፤ አልፎ አልፎ የድሮ ቶዮታ ሴሊካ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ መብራት ይዘው በብዛት የተመረቱት የመጨረሻዎቹ መኪኖች፣ ሎተስ ኤስፕሪና ሼቭሮሌት ኮርቬት፣ በ2004 ትተውታል። ስለዚህ «አዲስ ዕቃ አስመጣልኝ» አትበሉኝ። ያለውን መጠገን ነው።

እኛ ጋራዥ መብራቱን ዓይን፣ ክዳኑን ቆብ ነው የምንለው። እዚህም እንደዚያው እላለሁ። ባትሪውን፣ ፊውዙንና አምፖሉን አይታችሁ እንደመጣችሁ እቆጥራለሁ። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

የዓይኑን ሞተር ፊውዝ ንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ 30 አምፔር ነው። ካላገኛችሁት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። መብራቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የተበላሸ ዓይን ዝም ብሎ ቆይቶ ነካ ሲያደርጉት በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ ዓይኑን የሚያነሳው ክንድ ደግሞ ብረት ነው። አንድ ረዳቴ «አጥፍቼዋለሁ እኮ ጋሼ» እያለ ጣቱን ሰደደ። ጥፍሩ ጠቁሮ ወር ከረመ።

ሁለቱም ዓይኖች ካልተነሱ

ሞተር አትጠርጥሩ። ሁለት ሞተር ባንድ ሌሊት አይሞትም። ችግሩ ከሁለቱ በፊት፣ በጋራ መንገዳቸው ላይ ነው፦ ሪሌ (ማብሪያው ሲታዘዝ ለሞተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ትንሽ ሳጥን)፣ ማብሪያ ወይም ሶኬት። አንድ ሰው መብራቱን ያብራ፣ እናንተ ሪሌው ላይ ጣት አድርጉ። ቀጭ ካለና ዓይኑ ካልተነሳ የሪሌው ጥርስ ተቃጥሏል። ቀጭ ካላለ ወደ ማብሪያው ሂዱ።

ሪሌ ስትገዙ ርካሹን ተዉት። ላዩ ላይ 30 አምፔር ተጽፎበት ውስጡ እንደ ሻማ ክር የቀጠነ መዳብ ያለው ስንት ሰብሬ አይቻለሁ። ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ የጃፓን ሪሌ ከዚያ አዲስ ይሻላል።

ዓይኑ ተነስቶ ካልበራ፣ ወይም ሲንገጫገጭ ብልጭ ድርግም ካለ

ሽቦው ተቆርጧል። ዓይኑ በተነሳና በተኛ ቁጥር ሽቦው እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ ሠላሳ ዓመት ሲታጠፍ የኖረ መዳብ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ደህና ይመስላል። መታጠፊያው ላይ ያዝ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ አገኛችሁት። ብዙ ቀጫጭን ክር ባለው ለስላሳ ሽቦ ቀይሩት፣ ለመታጠፊያው ትርፍ ተዉለት። አንዱን ወፍራም የቤት መብራት ሽቦ ቀጥላችሁ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትሂዱ። ከሦስት ወር በኋላ እኔው ነኝ የምፈታው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ለ60/55 ዋት በተሠራ ሶኬት ላይ 100 ዋት አምፖል የምትሰኩ ሰዎች፣ ሶኬቱ ቀልጦ ሲሸታችሁ «ሽቦው መጥፎ ነው» አትበሉ። 55 ዋት ከ5 አምፔር በታች ነው የሚስበው፤ 100 ዋት ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ሽቦው ምን ያድርግ?

ዓይኑ ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ ከተነሳ

ኔጋቲቩን እዩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ኔጋቲቭ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ አድርጉና ዓይኑ ሲነሳ አንብቡ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ብሎኑን ፈታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት። ኔጋቲቩ ደህና ከሆነ መገጣጠሚያዎቹ ደርቀዋል፤ አጥባችሁ ግራሶ ስጡ። ሌላ ነገር የለውም።

አንዱ ዓይን ተነስቶ አንዱ ከቀረ፤ ተነስቶ አልተኛም ካለ፤ ወይም ላይ ታች እያለ አልቆም ካለ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከሚመጡልኝ አሥር መኪኖች ሰባት ስምንቱ ይኸው ናቸው። ባለቤቶቹ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ሞተሩ ተቃጥሏል»። አንዱ ከቡሬ የመጣ ሰው የግራውን ቆብ በሲባጎ ከራዲያተሩ መከለያ ጋር አስሮት ነበር፤ «ሞተሩ ከሞተ ምን ላድርግ፣ እንዳይዘጋብኝ አሰርኩት» አለኝ። ሞተሩ አልሞተም። ስፈታው እንደ አዲስ ይዞር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዓይን የራሱ ትንሽ ሞተር አለው። ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ አይዞርም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ግማሽ ዙር ሲሄድ ክንዱ ዓይኑን ይገፋል፣ ቀሪውን ግማሽ ሲሄድ ይመልሰዋል። የት ጋ መቆም እንዳለበት የሚነግረው ሞተሩ ክዳን ሥር ያለ ክብ መዳብ ነው። መዳቡ ላይ የተቆረጠ ክፍተት አለ፤ ትንንሽ የመዳብ ጣቶች እየተንሸራተቱበት ክፍተቱ ላይ ሲደርሱ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ሞተሩ ይቆማል። አንዱ ጣት ለመነሳት፣ ሌላው ለመተኛት።

እንግዲህ ያ መዳብ ውሃ ሲገባበት አስቡት። አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ጣቱ ዝገቱ ላይ ሲቆም ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ ዓይኑ ተነስቶ ይቀራል። ወይም አሮጌው ግራሶ ከመዳብ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ያኔ ማቋረጫ ስለሌለ ሞተሩ ቁም የሚለው አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ላይ ታች ይላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፊውዙን ነቅላችሁ ከሞተሩ ጫፍ ያለችውን የላስቲክ ቆብ አውልቁ፤ ሥሯ በእጅ የምትዞር ቁልፍ አለች። ዓይኑ ትንሽ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አዙሯት፣ እጃችሁን አውጡ፣ ፊውዙን መልሱ። ዓይኑ በራሱ ተነስቶ መንገዱን ከጨረሰ ሞተሩ ደህና ነው፤ የሞተው ጣቱ ቆሞበት የነበረው የመዳብ ቦታ ነው። ለዚህ ሞተር የገዛ ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

ውሃው ከየት መጣ? ክረምት ነው ትሉኛላችሁ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብማ መኪናው ሲሠራም ታስቦበታል። የማርቆስ ዝናብ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ላቫጆ ያለው ልጅ ግን በፓምፕ ከታች ወደ ላይ፣ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚለቀው። ከዚያም «እንዲያበራ» ብሎ ናፍታ ይረጭበታል። ናፍታ ላስቲክ ያሳብጣል። ያቺ የላስቲክ ቆብ አብጣ ትላላለች፣ በሚቀጥለው እጥበት ውሃው እየዘመረ ይገባል። አንድ የፍኖተ ሰላም ደንበኛ ባንድ ዓመት ሦስት ጊዜ መጣብኝ። ሦስቱንም ጊዜ አጸዳሁለት፣ ሦስቱንም ጊዜ መዳቡ አረንጓዴ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ስፈታው እጄ ናፍታ ናፍታ ሸተተኝ። «ላቫጆ ስትሄድ ኮፈን ታስከፍታለህ?» አልኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ» አለኝ፣ በኩራት። ኮፈን አታስከፍቱ! ካስከፈታችሁም ሞተሮቹን በፌስታል ሸፍኑ። ናፍታ የሚባል ነገር እዚያ አካባቢ እንዳይደርስ።

አጸዳዱ፦ ሞተሩን ከመኪናው አውጡ። ከማውጣታችሁ በፊት ክንዱ ዘንጉ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በካቻቢቴ ጫፍ ምልክት ጫሩ። ይህን የዘለለ ሰው መልሶ ሲገጥም መብራት ሲያበራ የሚተኛ፣ ሲያጠፋ የሚነሳ ዓይን ያገኛል። አትሳቁ፣ አይቻለሁ።

ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ የዛገ ብሎን ካለ ዘይት ነክታችሁ አሳድሩት እንጂ አትታገሉት፣ ክዳኑ ይሰነጠቃል። ስትከፍቱ ጥቁር፣ እንደ ደረቀ ሙጫ የሆነ ግራሶ ታያላችሁ። በእንጨት ስንጥር ፋቁት። የቀረውን በጨርቅና ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል አጽዱ። (ዳግም አረቄም ይሠራል የሚል ባልደረባ አለኝ። እሱ ሲሠራ ግማሹ ወደ መዳቡ፣ ግማሹ ወደ ጉሮሮ ነው የሚሄደው።) መዳቡን በተማሪ ላጲስ እሹት፣ እስኪያበራ ድረስ። በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ መዳቡን ይቦጭረዋል፣ ጣቶቹም በቦጨራው ላይ ሲሄዱ ያልቃሉ። ክፍተቱን በስንጥር ጫፍ ጠርጉት፤ አንዲት የመዳብ ብናኝ እንዳትቀር። ጣቶቹ ተኝተው ከሆነ በጥፍር ትንሽ ቀና አድርጓቸው። ትንሽ ነው ያልኩት።

ግራሶ ጥርሶቹ ላይ አድርጉ፣ መዳቡ ላይ ግን በጣት ጫፍ ብን የሚል ስስ ብቻ። ክዳኑን ስትመልሱ ዙሪያውን በሲሊኮን አሽጉ፤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ። ያ ሽታ አሲድ ነው፣ እስኪደርቅ ድረስ መዳብ ይበላል። አንድ ሰው አሳምሮ አጽድቶ በዚያ አሽጎት፣ በሁለት ወሩ መዳቡ ከመጀመሪያው የባሰ አረንጓዴ ሆኖ መጣ። የላስቲኳ ቆብ ካበጠች ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጣችሁ በሽቦ እሰሩላት፤ የኔ ሥራ እንዲህ ተሠርቶ አራት ክረምት ያለፈ አለ።

ሲነሳ ግማሽ ላይ ከቆመና ሞተሩ ካጓራ

የሆነ ነገር ይዞታል። ወዲያው አጥፉ፤ የታገደ ሞተር ሪሌም ራሱንም ያቃጥላል። በጥር የሙሽራ መኪና ነበረች፣ ማዝዳ፣ ቀይ። ጌጠኛው ሪባኑን ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በሁለቱም ቆቦች ላይ አጥብቆ ወጥሮታል። ቀን ማንም አላሰበውም። ማታ አጃቢው ሁሉ መብራት ሲያበራ ሾፌሩም አበራ፣ ዓይኖቹ ሪባኑን መግፋት ጀመሩ፣ ሪባኑም አልተበጠሰም። ጭስ ሲወጣ እልል እያሉ ነበር። ሪሌው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ አንደኛው ሞተርም አልዳነም።

ባቱላሜራም ያው ነው፦ በስቱኮ ክፍተቱን ሞልቶ ቀለም ይቀባና «አስተካከልኩት» ይላል። ቆቡ ዙሪያውን ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። በክረምት ጭቃ ሥሩ ገብቶ ሲደርቅም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዓይኑን አንስታችሁ እጠቡት፣ በባልዲ።

የሞተሩ የውስጥ ጥርስ ተበልቶ ሞተሩ እየዞረ ክንዱ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ብቻ ያገለገለ ሞተር ፈልጉ።

መንገድ ላይ ሲያመሻችሁ

ከጎሐጽዮን ወደ ደጀን ስትመጡ ዓባይ በረሃ ላይ አንዱ ዓይን እምቢ ካላችሁ፣ ባንድ ዓይን ያን ጠመዝማዛ አትሞክሩት። ከፊት የሚመጣው የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሞተር ሳይክል ናችሁ ብሎ መሐል መንገዱን ይይዛል። ዳር ያዙ፣ የዓይኑን ሞተር ፊውዝ ንቀሉ፣ ቁልፏን በእጅ እያዞራችሁ ሁለቱንም እስከ ጫፍ አንሱ። አምፖሎቹ የራሳቸው ፊውዝ ስላላቸው ይበራሉ። ቀንም ሌሊትም ተገልጠው ይቆያሉ፣ ምንም አይሆኑም። የነቀላችሁትን ፊውዝ ግን ኪሳችሁ አትክተቱ፤ ከሳንቲም ጋር ቤት ገብቶ ይቀራል። እዚያው ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በናስትሮ ለጥፉልኝ፣ ስትመጡ ከመፈለግ ታድኑኛላችሁ።