ቸርኬው ከመመታቱ በፊት፦ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ትምህርት ቤት እንዴት እናስገባ?

ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበት፣ ድምፅና ለውጥ የሚረብሽበት የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። መጀመሪያ ላስመዘግበው የሄድኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በነሐሴ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብርድ፣ ጭቃ፣ ጉም። ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ጥበቃው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መታው። በክረምት ለማን እንደሚደወል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጄ ጆሮውን ይዞ ጭቃው ላይ ተኛ። ርዕሰ መምህሩ አይቶ፣ «እናቱ፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ እኛ ጋ አይሆንም። አዲስ አበባ ማዕከል አለ ይባላል» አለኝ።

ማዕከል መኖሩ እውነት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት በፈረንጆቹ 2002 ነው። እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህም ርቀው ላሉት ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ ሰዎችማ ጭራሽ አይታሰብም። የብዙዎቻችን ልጅ የሚማረው ቅርባችን ባለው ትምህርት ቤት ነው። ይቻላልም። ስህተቴ ሥራውን በነሐሴ መጀመሬ ነበር።

ሚያዝያ፦ ሐኪም ዘንድ

ኦቲዝም በደም ምርመራም በራጅም አይታይም። ሐኪሙ የሚያየው ልጁን ራሱን ነው፤ ሲጫወት፣ ሲጠራ፣ ሲያወራ። ሐኪም ቤት ሲገባ ድምፁን የሚያጠፋ ልጅ ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ችግሩ መስማት ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ሲጻፍላችሁ «ኦቲዝም አለበት» ብቻ ብሎ እንዳያልቅ ለምኑ። መምህር የሚጠቅመው ልጁ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚከብደው የሚናገር ወረቀት ነው።

ጸበሉስ? እኔም ጻድቃኔ ማርያም ከርሜአለሁ፤ ሸንኮራ ዮሐንስም ሄጃለሁ። አልጸጸትም። የሚቆጨኝ «ይሄ ነገር ይለቀውና ትምህርት ቤት ይገባል» እያልኩ ሁለት ዓመት መጠበቄ ነው። ኦቲዝም እርግማን አይደለም። የእናት ጥፋትም፣ የክትባት ጣጣም አይደለም። አብሮ የሚኖር ነገር ነው። ጸበሉም ትምህርቱም ጎን ለጎን ይሂዱ። ልጁ 1ኛ ክፍል የሚገባበት 7 ዓመት እስኪሞላውም አትጠብቁ። አጸደ ሕፃናት ላይ መልመድ ይቀላል።

ግንቦት፦ ትምህርት ቤቱን በሥራ ቀን ማየት

ባዶ ግቢ ምንም አይነግራችሁም። ተማሪ ሞልቶ ሂዱ፤ በተለይ በእረፍት ሰዓትና ፈረቃ ሲለዋወጥ። አጥሩ ክፍተት አለው ወይ? በሩ ላይ ሰው ይቆማል? ልጃችሁ ድንገት የሚሮጥ ከሆነና ግቢው የደሴው አስፋልት ዳር ከሆነ፣ ሲኖትራኩን እያያችሁ ወስኑ። ሽንት ቤቱንም ግቡና እዩት። የሽንት ቤቱ ሽታ ስለሚከብደው ብቻ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውል ልጅ አለ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ለቅሶ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፈረቃው አጥብቃችሁ ጠይቁ። ጠዋትና ከሰዓት እየተፈራረቁ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለሌላው ልጅ ምንም አይደለም። የኔ ልጅ ግን ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር አንድ ሳምንት አይተኛም፤ ቀኑ ተገልብጦበታላ! አንዱ ፈረቃ ላይ እንዲጸና ጠይቁ። ወጪ የለውም፣ በጀት አይፈልግም። ብዙ ጊዜም እሺ ይላሉ።

ከዚያ ወረዳ ወይም ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትን (ልጆቹ ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበትን) ጉዳይ የያዘውን ባለሙያ ፈልጉ። የልዩ ፍላጎት መምህር ወይም የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ጠይቁት። ልዩ ክፍል ካለም ገብታችሁ እዩ። ልጆቹ ይማራሉ ወይስ ተቀምጠው ይውላሉ?

የግል ይሻላል የሚል ሰው ብዙ ነው። በአንድ ክፍል ያለው ተማሪ ያንሳል፤ እሱ እውነት ነው። ግን ዓመቱ አጋማሽ ላይ «ልጁን ውሰጂልን» ያለኝ የግል ነው፤ የመንግሥቱ አይደለም። ለኔ ከትምህርት ቤት ስም ይልቅ መምህር ይበልጣል። የማትጮህ፣ ሥርዓት ያላት፣ «አላውቀውም ግን አሳዪኝ» የምትል አንዲት ቲቸር ካገኛችሁ እሷ ያለችበት ይግባ።

ሕጉንም እወቁት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24ቱ አካል ጉዳተኛ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ ነው። ግን ገና እንደገባችሁ ሕግ አትምዘዙ። መጀመሪያ ሻይ፣ ሕጉ ይደርሳል።

ሰኔ፦ አንድ ገጽ ወረቀት

መምህራኑ ለክረምት ሳይበተኑ ስለ ልጃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ አይነበብም። የመምህር ምደባ መስከረም ላይ ሊቀየር ስለሚችል ሦስት ኮፒ አድርጉ፦ ለቲቸሯ፣ ለርዕሰ መምህሩና ለጥበቃው። አዎ፣ ለጥበቃው። ማንበብ የሚከብዳቸው ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው።

የኔ ወረቀት ላይ ያለው ይህን ይመስላል፦

«ስሙን ስትጠሪው ባይዞርም ሰምቷል። እስከ አስር ቆጥረሽ አንዴ ድገሚለት። "ውሃ ልስጥህ?" ካለሽ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው። እኛ የምንጠይቀውን ነው የሚደግመው፤ ሊቀልድብሽ አይደለም። እጁን ሲያወናጭፍ ተይው፣ ራሱን እያረጋጋ ነው። ጆሮውን ከያዘ ግን ውጪ አውጪው። አትቀፊው፤ አጠገቡ ቁሚ። ሀ ሁን እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል። ቁጥር ይወዳል። እንጀራ በወጥ አይበላም፤ ቆሎና ዳቦ እልክለታለሁ።»

የሚችለውን ነገር መጻፍ እንዳትረሱ። ቲቸሯ መጀመሪያ የያዘችው ፊደል ማወቁን ነው፤ ገበታው ላይ እየጠቆመ ክፍሉን እንዲያስነብብ አደረገችው።

ክረምት፦ ልምምድ

ዩኒፎርሙን ቀድማችሁ አሰፉና ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አዲስ ጨርቅ ይኮሰኩሳል። አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት ቁረጡ። የኛ አገር ብርድ ያለ ሹራብ አያስወጣም። ግን የሱፍ ሹራብ ቆዳው ላይ እንደ ሳማ የሚለበልበው ልጅ አለ። ከሥር ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ።

መንገዱን በየቀኑ በእግር ሂዱ፤ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ ትምህርት ቤት በሚገባበት ሰዓት። ግቢው ክፍት ሲሆን ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ቧንቧውን አሳዩት። በስልክ ፎቶ አንሱና ማታ ማታ አብራችሁ እዩ።

ለቸርኬው እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ድምፁን በስልኬ ቀዳሁ። ቤት ውስጥ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩለት፤ ልክ እንዳለቀ አንድ ፍሬ ቆሎ። ጆሮውን ከያዘ ያን ቀን በዚያው ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ጳጉሜን ሲገባ ራሱ ስልኩን እያመጣ «ቸርኬ ልክፈትልህ?» ይለኝ ጀመር። እውነተኛውን ዛሬም አይወደውም። ግን አይተኛም።

መስከረም፦ በትንሹ መጀመር

ከተስማሙላችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይማር። ሳያለቅስ ወደ ቤት መመለሱ ሙሉ ቀን እየጮኸ ከመዋሉ ይሻላል። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ግፊያና ጩኸት ስላለው ዘግይቶ ቢገባ ወይም ዳር ቢቆም ጠይቁለት።

መቀመጫው ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ጥግ፣ ከበር ራቅ ያለ ይሁን። አንድ ዴስክ ላይ አንድ ረጋ ያለ ልጅ አብሮት ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ አይቀያየር። የቀኑ ፕሮግራም በሥዕል ተስሎ ደብተሩ ላይ ይለጠፍለት፦ ፊደል፣ ሒሳብ፣ እረፍት፣ ቤት። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ወይም በቃል መጠየቅ ከመጀመሪያው ቀን ይወራ እንጂ የፈተናው ዋዜማ ላይ አይሆንም።

የሌሎች ወላጆች ነገር አለ። «ይጋባል» ሲሉ ሰምቻለሁ። አትቆጡ። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ሲሰበሰብ አምስት ደቂቃ ጠይቁና ራሳችሁ ተናገሩ። አይጋባም በሉ፤ ልጃችሁ ምን እንደሚወድ ንገሯቸው። እኔ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት እናት ተከትላ መጥታ የእህቷን ልጅ ነገር በሹክሹክታ አወራችኝ።

ልጁ በአርጩሜ ከተመታ ግን እዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ጋ ሂዱ። ካልተስተካከለ በጽሑፍ ወረዳ። እዚህ ላይ ሻይ የለም። ልጃችሁ የደረሰበትን መናገር ላይችል ስለሚችል ማታ ልብሱን ስትቀይሩ ገላውን እዩ።

ከቲቸሯ ጋር አንድ ትንሽ ደብተር አመላልሱ። እሷ ሁለት መስመር፣ እናንተ ሁለት መስመር። የኔው ደብተር ላይ ጥቅምት ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦ «ዛሬ "ውሃ ልስጥህ?" ሲል ጓደኛው ሃይላንዱን አቀበለው። እኔ አልነገርኩትም።»

ጥበቃው ጋሼም ወረቀቱን ሰምተው ዝም ብለው ነበር። አሁን ብረቱን ከማንሳታቸው በፊት ወደ ክፍላችን መስኮት ዞረው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ልጄም ያደርጋል። ከዚያ ይመታሉ።